አንድ ገንዘብ፣ 21 ኪስ፦ ስለ ዩሮና ስለ አውሮፓ ኅብረት ኢኮኖሚ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአውሮፓ ኅብረትና የዩሮ አገሮች አንድ ናቸው?

አይደሉም። ኅብረቱ 27 አባል አገሮች አሉት። ከእነሱ ውስጥ ዩሮ የሚጠቀሙት 21 ናቸው። የመጨረሻዋ ገቢ ቡልጋሪያ ነች፤ በጥር 2026 ሌቭ የሚባለውን የራሷን ገንዘብ ትታ ተቀላቀለች። ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ፖላንድ፣ ቼክ፣ ሃንጋሪና ሩማኒያ ኅብረቱ ውስጥ ሆነው በራሳቸው ገንዘብ ይገበያያሉ። ፍራንክፈርት ያለችው እህታችሁ በዩሮ፣ ስቶክሆልም ያለው የአጎታችሁ ልጅ በክሮና የሚከፈላቸው ለዚህ ነው።

ኖርዌይና ስዊዘርላንድ ጭራሽ አባል አይደሉም። ብሪታንያ በጥር 2020 መጨረሻ ወጥታለች። አባል በነበረችበት ዘመንም ፓውንዷን አልለቀቀችም።

ዩሮ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?

ውሉ የተፈረመው በየካቲት 1992 በኔዘርላንዷ ማስትሪክት ከተማ ነው። በ1999 በ11 አገሮች፣ በባንክ ሂሳብ ላይ ብቻ ተጀመረ። ወረቀቱና ሳንቲሙ ሰው እጅ የገባው በጥር 2002 ነው። ያኔ ግሪክ ተጨምራ 12 ሆነው ነበር።

የሚያስተዳድረውስ ማን ነው?

ፍራንክፈርት የሚገኘው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ። ወለዱን የሚወስነው እሱ ነው። የተሰጠው ዋና ሥራ የዋጋ ንረትን 2 በመቶ አካባቢ ማቆየት ነው። ግብር፣ ጡረታ፣ የመምህራን ደሞዝ፣ የመንገድ በጀት ግን የየአገሩ መንግሥት ጉዳይ ነው። ገንዘቡ አንድ፣ ኪሱ 21።

አዲስ አበባ ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አምስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። አንዷ በሳምንት ሦስቴ በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች። ሌላው በአንድ አምፖል ያመሻል። ወር ሲሞላ ሂሳቡ ይመጣና ጭቅጭቁ ይጀምራል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ፣ ከበድ ያሉ የሚመስሉት ጭምር፣ ዞረው ዞረው የቆጣሪ ጭቅጭቅ ናቸው።

አንድ ወለድ ለሁሉም መሆኑ ምን ችግር አለው?

ለደብረ ብርሃን የተሰፋ ካፖርት አሳይታ ላይ እንደ መልበስ ነው። 2003ን እንይ። ጀርመን ኢኮኖሚዋ ቀዝቅዟል፣ ሥራ አጡ በዝቷል። ስፔንና አየርላንድ ደግሞ ግንባታው ጦፏል፣ የቤት ዋጋ በየዓመቱ ይተኮሳል። ማዕከላዊ ባንኩ በዚያው ዓመት ወለዱን ወደ 2 በመቶ አወረደና እስከ 2005 መጨረሻ እዚያው ተወው። ለጀርመን ማስታገሻ ሆናት። ለሁለቱ ግን እሳት ላይ ቤንዚን። በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ የቤቱ ገበያ ተናደ።

እዚህ ጋ አንድ የተለመደ ወሬ ላስተካክል። "ደቡቦቹ ሲያባክኑ ኖረው ነው ጉድ የሆኑት" የሚባለው ስፔንን አይመለከትም። በ2007 የስፔን መንግሥት በጀቱ ትርፍ ነበረው። ዕዳውም ከአገሩ ዓመታዊ ምርት 40 በመቶ አይሞላም፤ ከጀርመን ዕዳ ያነሰ ነበር። ያለ ልክ ያበደሩት ባንኮቹ፣ የተበደሩት ደግሞ ቤት ሠሪዎቹና ቤት ገዢዎቹ ናቸው። አየርላንድም እንደዚያው። መንግሥቷ ባንኮቿን ለማዳን ገንዘብ ሲያፈስ በ2010 የበጀት ጉድለቷ ከዓመታዊ ምርቷ 30 በመቶ አለፈ። አንድ ዓመት ብቻ ቢሆንም ቁጥሩ ያስደነግጣል።

በ2022 ያው ችግር በሌላ መልክ መጣ። ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፣ ጋዝ ተወደደ። በጥቅምት የዩሮ አገሮች አማካይ የዋጋ ንረት 10.6 በመቶ ደረሰ። ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ ከ20 በመቶ በላይ ሲሆኑ ፈረንሳይ 7 በመቶ አካባቢ ነበረች። ወለዱ ግን ለሁሉም አንድ። ባንኮች ማዕከላዊ ባንኩ ጋ ለሚያስቀምጡት ገንዘብ የሚታሰበው ወለድ ከዜሮ በታች ነበር፤ በ14 ወር ውስጥ 4 በመቶ ገባ። ለኢስቶኒያዋ ዋና ከተማ ለታሊን ይሄም ያንስ ነበር። ለፓሪስ በዝቷል የሚሉ ነበሩ።

አሜሪካስ 50 ግዛት ይዛ አንድ ዶላር ትጠቀም የለ?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይሄንን ነው። ትጠቀማለች፣ ግን ሦስት ነገር አላት። አንደኛ፣ የፌዴራል መንግሥቱ ወጪ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 20 በመቶ ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት በጀት 1 በመቶ አካባቢ ነው። ኔቫዳ ውስጥ የቤት ገበያ ሲወድቅ ከዚያ የሚሰበሰበው የፌዴራል ግብር ይቀንሳል፣ የሚላከው ድጎማ ይጨምራል። ማንም ቁጭ ብሎ አይደራደርም፤ በራሱ ይሄዳል። "ቴክሳስ ኔቫዳን ደጎመች" ብሎ ጋዜጣ ላይ የሚጮህም የለም።

ሁለተኛ፣ ሥራ የጠፋበት ሰው ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ሌላ ግዛት ይሄዳል። ቋንቋው ያው ነው። አቴንስ ውስጥ ሥራ ያጣች ነርስ ግን ሙኒክ ለመቀጠር መጀመሪያ ጀርመንኛ መማር አለባት። እናንተ ጀርመን ያላችሁ ይሄን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛ፣ የባንክ ተቀማጭ ዋስትናው የፌዴራል ነው። አውሮፓ ውስጥ የየአገሩ ነው፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ።

ሮበርት ሙንዴል የሚባሉ ካናዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አገሮች አንድ ገንዘብ ቢጋሩ መቼ እንደሚያዋጣቸው በ1961 ጽፈው ነበር። ሠራተኛ እንደ ልብ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት የሚለው ዋናው መስፈርታቸው ነው። አውሮፓ መስፈርቱን ሳታሟላ ነው የገባችበት።

ግሪክ ላይ በትክክል የሆነው ምንድን ነው?

በጥቅምት 2009 የጆርጅ ፓፓንድሬው መንግሥት ሥልጣን ያዘ። መዝገቡን ሲከፍት የበጀት ጉድለቱ ከተነገረው በእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ከዓመታዊ ምርቱ 12 ምናምን በመቶ ተባለ፤ ተጣርቶ ሲያበቃ ከ15 በመቶ በላይ ወጣ። የሚፈቀደው 3 ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ አበዳሪዎች "ዩሮ ዩሮ ነው" ብለው ለግሪክ ከጀርመን ብዙም ባልራቀ ወለድ ሲያበድሩ ነበር። አሁን ደነገጡ። ወለዱም ወደ ላይ ተወነጨፈ።

የራሷ ገንዘብ ቢኖራት የምንዛሬ ተመኑን ትቀንስ ነበር። ያማል፣ ግን ቱሪስቱ ይረክስለታል፣ የወይራ ዘይቱም ገዢ ያገኛል። ዩሮ ይዛ ይሄ አይቻልም። የቀረው ደሞዝና ጡረታ መቁረጥ ነው። በግንቦት 2010 የ110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ተፈቀደላት። በ2012 ሁለተኛው መጣ፤ የግል አበዳሪዎችም ከቦንዳቸው (መንግሥት ሲበደር ከሚሰጣቸው የብድር ሰነድ) ዋጋ ከግማሽ በላዩን እንዲተዉ ተደረገ። በ2015 ሦስተኛው፣ እስከ 86 ቢሊዮን። ቅድመ ሁኔታውን የሚያወጡት የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን፣ ማዕከላዊ ባንኩና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ነበሩ። ግሪኮች "ትሮይካ" ይሏቸዋል፤ ቃሉን ሲጠሩት ፊታቸው ይጨማደዳል።

ውጤቱ ከባድ ነበር። ከኢኮኖሚው ሩብ ያህሉ ጠፋ። በ2013 ሥራ አጡ ከ27 በመቶ በላይ ደረሰ። በሰኔ 2015 መጨረሻ ባንኮች ተዘጉ፤ ከኤቲኤም ማውጣት የሚቻለው በቀን 60 ዩሮ ብቻ ሆነ። ሐምሌ 5 ቀን ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 61 በመቶው የአበዳሪዎቹን ሐሳብ "አይሆንም" አለ። ሳምንት እንዳለፈ ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሲስ ሲፕራስ ሕዝቡ እምቢ ካለው የማይሻል ውል ተቀበሉ። ፕሮግራሙ ያበቃው በነሐሴ 2018 ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ግሪክ ቁጥር ደብቃለች፤ ይሄ ክርክር የለውም። መድኃኒቱ ግን በሽታውን አባብሶታል። አይኤምኤፍ ራሱ በ2013 ባወጣው ግምገማ ቁጠባው የሚያደርሰውን ጉዳት አሳንሶ እንደገመተ አምኗል። ከብድሩም አብዛኛው የዋለው የቆየ ዕዳ ለመክፈልና የግሪክ ባንኮችን ለመደገፍ ነው። ተራው ሰው እጅ የገባው ትንሽ ነው። ከድሮዎቹ አበዳሪዎች ውስጥ ደግሞ የፈረንሳይና የጀርመን ባንኮች ነበሩበት። "ሰነፍ ግሪኮችን አዳንን" ሲባል ይሄኛው ግማሽ ተረክ ይቀራል።

"ዩሮን ያዳኑት ማሪዮ ድራጊ ናቸው" ሲባል ምን ማለት ነው?

በ2012 ክረምት ስፔንና ኢጣሊያም የግሪክን መንገድ ሊከተሉ ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ስፔን የምትበደርበት ወለድ 7 በመቶ አለፈ። ሐምሌ 26 ቀን የማዕከላዊ ባንኩ ፕሬዝዳንት ድራጊ ለንደን ላይ ቆመው፣ ባንኩ በተሰጠው ሥልጣን ክልል ዩሮን ለማዳን የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደሚያደርግ ተናገሩ። በመስከረም ደግሞ የተቸገሩ አገሮችን ቦንድ ያለ ገደብ ለመግዛት የሚያስችል ፕሮግራም ይፋ ሆነ።

በዚያ ፕሮግራም እስከ ዛሬ አንድ ዩሮ አልወጣም። አላስፈለገም። ገበያው ከኋላ ማን እንዳለ ሲያውቅ ወለዱ በራሱ ወረደ። ብዙ ጀርመኖች "ይሄ መንግሥታትን በጓሮ በር ማበደር ነው" ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2015 ለባንኩ ፈረደለት።

የ3 በመቶና የ60 በመቶ ሕግ የሚባለው ምንድን ነው? ለምንስ አይከበርም?

የአንድ አገር የበጀት ጉድለት ከዓመታዊ ምርቱ 3 በመቶ፣ ዕዳው 60 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ማስትሪክት ላይ ነው የገባው። 3 የሚለው ቁጥር ታሪኩ ያስቃል። በ1981 በፈረንሳይ፣ በፕሬዝዳንት ሚተራን ጊዜ፣ የበጀት ባለሥልጣናት ገንዘብ የሚጠይቁ ሚኒስትሮችን ዝም የሚያሰኝ ቁጥር ፈልገው ቶሎ ያወጡት ነው። ከኋላው የረባ ንድፈ ሐሳብ አልነበረውም። አሥር ዓመት ቆይቶ የአህጉር ሕግ ሆነ።

አለመከበሩን የጀመሩት ትንንሾቹ አይደሉም። በ2003 ጀርመንና ፈረንሳይ ሕጉን ጣሱ፤ የገንዘብ ሚኒስትሮቹም በኅዳር ተሰብስበው ቅጣቱን አገዱላቸው። በ2016 የኮሚሽኑ ፕሬዝዳንት ዣን ክሎድ ዩንከር ለፈረንሳይ ለምን እንደሚላላላት ሲጠየቁ "ፈረንሳይ ስለሆነች" ብለው መልሰዋል። ከዚህ በላይ ግልጽ መልስ አላውቅም። ጉድለትህ በዝቷል ተብሎ እስካሁን በገንዘብ የተቀጣ አገር የለም። በ2024 የፈረንሳይ ጉድለት 5.8 በመቶ ነበር።

በ2024 ሕጉ ታድሷል። አሁን እያንዳንዱ አገር የራሱን የአራት ዓመት ዕቅድ ያቀርባል፤ ማሻሻያ ካደረገ ሰባት ዓመት ድረስ ይራዘምለታል። ይሻላል ብዬ አስባለሁ። 3ና 60 ግን አሁንም አሉ።

እውነት ጀርመን ለሁሉም ትከፍላለች?

ለኅብረቱ በጀት ከምትቀበለው በላይ ታዋጣለች፤ እውነት ነው። ኔዘርላንድና ስዊድንም እንደዚያው። ፖላንድን የመሰሉ አገሮች ደግሞ ካዋጡት በላይ ይቀበላሉ። ግን በጀቱ ራሱ ትንሽ ነው፤ ከሱም ሲሶ ያህሉ ለገበሬዎች ድጎማ ይሄዳል።

በሌላ በኩል ጀርመን የራሷ ማርክ ቢኖራት ኖሮ፣ ያን ሁሉ መኪናና ማሽን ስትሸጥ ማርኩ እየጠነከረ ዕቃዋን ያስወድድባት ነበር። ዩሮ ከደካሞቹ ጋር ስለሚያማክላት የጀርመን ዕቃ ውጭ አገር ረከስ ብሎ ይሸጣል። ይሄ ጥቅም በየትኛውም የበጀት ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

በኮቪድ ጊዜ የጋራ ብድር ተወሰደ ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ነበር?

በሐምሌ 2020 መሪዎቹ ብራስልስ ላይ አራት ቀንና ሌሊት ተከራክረው ኅብረቱ በራሱ ስም 750 ቢሊዮን ዩሮ እንዲበደር ተስማሙ። ከዚህ 390 ቢሊዮኑ ስጦታ፣ ቀሪው ብድር ነው። ትልቁን ድርሻ ያገኘችው ኢጣሊያ ነች። ኔዘርላንድ፣ ኦስትሪያ፣ ስዊድንና ዴንማርክ "ስጦታ አይሰጥም፣ ማበደር ይበቃል" ብለው ክፉኛ ተሟግተዋል። "ቆጣቢዎቹ አራት" የሚባሉት እነሱ ናቸው።

ዕዳው እስከ 2058 ድረስ ቀስ እየተባለ ይከፈላል። ከምን እንደሚከፈል ግን እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። መበደሩ ላይ ተስማምቶ መክፈሉን ለልጆች መተው የትም ያለ ነገር ነው።

አውሮፓ ባንክ ያስቀመጥኩት ገንዘብ አስተማማኝ ነው?

እስከ 100,000 ዩሮ ድረስ፣ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ፣ በሕግ ዋስትና አለው። ከዚያ በላይ ካላችሁ በሁለት ባንክ ማስቀመጥ አይከፋም። ቆጵሮስ በመጋቢት 2013 ያየችውን አስታውሱ። ባንኮቿ ግሪክ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ቀልጦባቸው ሊወድቁ ደረሱ። መጀመሪያ ከትንንሽ ቆጣቢዎች ሳይቀር ሊቆረጥ ታስቦ ነበር። ፓርላማው እምቢ አለ። በመጨረሻ በሁለቱ ትልልቅ ባንኮች ከ100,000 በላይ የነበራቸው ሰዎች ብዙ ገንዘብ አጡ። ባንኮች ለሁለት ሳምንት ያህል ዝግ ነበሩ።

ጉድለቱ ያለው ዋስትናው የኅብረቱ ሳይሆን የየአገሩ መሆኑ ላይ ነው። ትልልቅ ባንኮችን ከኅዳር 2014 ጀምሮ የሚቆጣጠረው ማዕከላዊ ባንኩ ነው። የጋራ ተቀማጭ ዋስትና ግን በ2015 ሐሳቡ ቀርቦ እስካሁን ቆሟል። ጀርመን "የሌላ ባንክ ብልሽት በኛ ቆጣቢ አይካካስም" ትላለች። ቆጣሪው እንደገና።

ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለምን አየርላንድ ይሰፍራሉ?

በግብሩ ምክንያት ነው። አየርላንድ ለረጅም ጊዜ የኩባንያ ትርፍ ላይ 12.5 በመቶ ብቻ ነበር የምታስከፍለው፤ ፈረንሳይና ጀርመን የዚያን እጥፍና ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። በኅብረቱ ውስጥ ስለ ግብር ለመወሰን 27ቱም መስማማት አለባቸው። አንድ አገር እምቢ ካለ አለቀ። ከ2024 ጀምሮ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆኑ ኩባንያዎች ቢያንስ 15 በመቶ እንዲከፍሉ ተደርጓል። ልዩነቱን ያጠበዋል፣ አያጠፋውም።

በ2016 ኮሚሽኑ አፕል ለአየርላንድ 13 ቢሊዮን ዩሮ ውዝፍ ግብር ይክፈል አለ። የአየርላንድ መንግሥት ምን ቢል ጥሩ ነው? አልፈልግም! ለስምንት ዓመት አብሮ ተከራክሮ በመስከረም 2024 ተሸነፈ፤ ገንዘቡንም ተቀበለ። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም መንግሥት በየቀኑ አይገኝም።

ስዊድንና ዴንማርክ ለምን አልገቡም?

ሕዝባቸው ስላልፈለገ። ዴንማርክ በ2000፣ ስዊድን በ2003 በሕዝበ ውሳኔ እምቢ ብለዋል። የዴንማርክ ገንዘብ ግን ከዩሮ ጋር በተቆረጠ ተመን የታሰረ ነው፤ ስለዚህ ወለዷ ፍራንክፈርትን ተከትሎ ይሄዳል። ሳትገባ ገብታለች ማለት ይቻላል።

አንድ አገር ከዩሮ መውጣት ይችላል?

ከኅብረቱ መውጣት የሚፈቅድ አንቀጽ አለ፤ ብሪታንያ የወጣችው በሱ ነው። ከዩሮ ብቻ መውጣትን የሚደነግግ ግን የለም። ሕጉን እንተወውና በተግባር እንየው። ነገ ድራክማ፣ የድሮው የግሪክ ገንዘብ፣ ይመለሳል የሚል ወሬ ቢወጣ ዛሬ ሁሉም ሰው ባንክ ሄዶ ዩሮውን ያወጣል። ማን ይጠብቃል? ድራክማው ሳይታተም ባንኩ ባዶ ይሆናል።

ሌላው ዕዳው ነው። የተበደሩት በዩሮ ነው። አዲሱ ገንዘብ ግማሽ ዋጋውን ቢያጣ ዕዳው በእጥፍ ይከብዳል። ግሪኮች በ2015 "አይሆንም" ብለው ድምፅ ሲሰጡ እንኳ አብዛኞቹ ዩሮውን መልቀቅ አልፈለጉም ነበር። ሲፕራስ ውሉን የተቀበሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ይሄ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው?

ከአውሮፓ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ በቀጥታ ይነካችኋል። በሐምሌ 2022 አንድ ዩሮ ከአንድ ዶላር ጋር እኩል ሆኖ ነበር፤ 20 ዓመት ገደማ ያልታየ ነገር ነው። ብር በዋናነት የሚመዘነው በዶላር ስለሆነ፣ ያኔ 200 ዩሮ የላከች እህት ቤተሰቧ ጋ የሚደርሰው ብር ሳስቶባታል። ሰዉ "ምንዛሬው ምን ነካው?" ይል ነበር። የነካው የአውሮፓ ጋዝ ነው።

ሁለተኛው ንግድ ነው። ኅብረቱ ከ2001 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለድሃ አገሮች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል። አበባው ወደ ኔዘርላንድ፣ ቡናው ወደ ጀርመንና ሌሎችም ይሄዳል። አሁን የሚያሳስበው የደን ሕጉ ነው። ከ2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና አይገባም፤ ሻጩም ማሳው የት እንዳለ በካርታ ነጥብ ማሳየት አለበት። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ወደ ታኅሣሥ 2026 ተገፍቷል። ጅማ ወይም ሲዳማ ውስጥ ግማሽ ሄክታር ላላቸው በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ገበሬዎች ነጥቡን ማን ይወስድላቸዋል? ወጪውንስ ማን ይችላል? ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይሄን ጥያቄ ለሌላ ሰው ትተውታል።

አፍሪካስ አንድ ገንዘብ ሊኖራት ይችላል?

ሙከራው አለ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ሌሎቹ፣ በ2013 ፈርመው በ2024 አንድ ገንዘብ ሊጀምሩ ነበር። አሁን ወደ 2031 ተገፍቷል። ኢትዮጵያ የዚህ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። ምዕራብ አፍሪካም "ኢኮ" የሚባለውን ገንዘብ ደጋግማ አራዝማ 2027 ብላለች። መዘግየቱ አያሳፍርም። የግሪክን ታሪክ ያየ ሰው ባይቸኩል አይፈረድበትም።

እኛ ግን ከሩቅ የምናየው ነገር አይደለም። ኤርትራ በ1993 ነፃ ከወጣች በኋላ ለአራት ዓመት ተኩል በብር ነው የተገበያየችው። ሁለት መንግሥት፣ አንድ ገንዘብ፤ ወለዱና የምንዛሬ ተመኑ የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው። በኅዳር 1997 አስመራ ናቅፋን አወጣች። ናቅፋና ብር በእኩል ዋጋ ሁለቱም አገር ውስጥ ይሥሩ የሚል ሐሳብም አቀረበች። አዲስ አበባ አልተቀበለችውም። አዲስ የብር ኖት አውጥታ፣ ከትንሹ የድንበር ገበያ በስተቀር ንግዱ በውጭ ምንዛሪና በባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለሻጩ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ይሁን አለች። ትናንት በብር በርበሬ፣ ጤፍና ጨው ሲለዋወጥ የኖረ ነጋዴ ዛላምበሳ ላይ ዶላር አምጣ ተባለ። በግንቦት 1998 ጦርነቱ ተጀመረ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘቡ ነው ማለቴ አይደለም፤ ባድመም፣ ፖለቲካውም፣ የቆየ ቂምም አለ። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ወራት ግን ሁለቱን መንግሥታት ሲያነታርኩ ከነበሩት ጉዳዮች አንዱ ብርና ናቅፋ በምን ተመን ይመንዘሩ የሚለው ነበር።